የደርግ ወረቀት በደርግ ላይ እንዴት መሰከረ?

መርካቶ ከአከፋፋይ ሱቅ ዕቃ ገዝታችሁ ታውቃላችሁ? አሁን አሁን ደረሰኙ ከማሽን ነው የሚወጣው። እኔ ልጅ ሳለሁ ግን በእጅ ይጻፍ ነበር። አጎቴ ምናለሽ ተራ አጠገብ የብረታ ብረት ዕቃ መሸጫ ነበረው፤ ክረምት ትምህርት ሲዘጋ እሱ ጋ እውላለሁ። ሥራዬ ቀላል ነው፤ በደረሰኙ ቅጠሎች መሃል ካርቦን ወረቀት ማስገባት። አጎቴ እስክሪብቶውን ጠበቅ አድርጎ ሲጽፍ ከላይ የጻፈው ከሥር ባለው ቅጠል ላይም ይወጣል። የላይኛው ተቀዶ ለገዢው ይሰጣል፤ የታችኛው ጥራዙ ላይ ይቀራል።

አንድ ቀን ካርቦኑ እጄን ሰማያዊ በሰማያዊ አድርጎኝ «ለምንድነው ሁለት ጊዜ የሚጻፈው?» ብዬ ጠየቅኩት።

«የኔ ቢጠፋ የሰውየው አለ፤ የሰውየው ቢጠፋ የኔ አለ» አለኝ። «ሁለቱም ካሉ ደግሞ ማናችንም መዋሸት አንችልም።»

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ኮሙኒኬሽን ኢንጂነሪንግ ስማር ይኸው ሐሳብ በቀመር ተጽፎ ጠበቀኝ። መልእክት በመንገድ ላይ እንዳይጠፋ ወይም እንዳይዛባ ከፈለጋችሁ ትርፍ መረጃ ጨምራችሁ ላኩት፤ ሲደርስ ደግሞ አንዱን ከሌላው ጋር አመሳክሩ። የስልክ ጥሪያችሁም ሆነ ፍላሽ ላይ ያስቀመጣችሁት ፎቶ ከስህተት የሚጠበቀው በዚህ መንገድ ነው።

ዛሬ ግን ስለ ስልክ አላወራችሁም። ይኸው የካርቦን ወረቀት መርህ በኢትዮጵያ ከታዩት ትልልቅ የወንጀል ክሶች በአንዱ ላይ፣ በደርግ ባለሥልጣናት ክስ ላይ፣ እንዴት እንደሠራ ነው የምነግራችሁ።

ጉዳዩ በአጭሩ

ብዙዎቻችሁ የተወለዳችሁት ከ1983 በኋላ ስለሆነ እስቲ ከመጀመሪያው እንነሳ። (እ.ኤ.አ. ካላልኩ በቀር ዓመቱ በኛ አቆጣጠር ነው።)

ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከዙፋን አወረደ። ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ሌሊት፣ 60 ያህል የቀድሞ ባለሥልጣናትና መኮንኖች ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ ተገደሉ። በ1969 እና በ1970 ደግሞ «ቀይ ሽብር» በተባለው ዘመቻ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች፣ በተለይ ወጣቶች፣ ታሰሩ፤ ተገረፉ፤ ተገደሉ። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ግንቦት 13 ቀን 1983 ከአገር ወጥተው ዚምባብዌ ገቡ። ከሳምንት በኋላ፣ ግንቦት 20፣ የኢሕአዴግ ጦር አዲስ አበባን ያዘ።

በነሐሴ 1984 በአዋጅ የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ። አዋጁ ሁለት ሥራ ነው የሰጠው። አንዱ ወንጀለኞችን ፍርድ ቤት ማቅረብ። ሁለተኛው ደግሞ የተፈጸመውን ነገር ለመጪው ትውልድ መዝግቦ ማስቀመጥ። ይህን ሁለተኛውን ያዙልኝ፤ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

የዋናዎቹ ባለሥልጣናት ችሎት ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 ተከፈተ። ልዩ ዐቃቤ ሕጉ በጠቅላላው 5,198 ሰዎችን ለመክሰስ ወስኖ በሦስት ክፍል መደባቸው፤ 146ቱ ፖሊሲ አውጪና ውሳኔ ሰጪ፣ 2,133ቱ ትእዛዝ ተቀብለው የሚያስተላልፉ፣ 2,919ኙ በቀጥታ የፈጸሙ። ልብ በሉ፤ አከፋፈሉ ራሱ የወረቀት ጉዞ ካርታ ነው። ትእዛዝ ከላይ ተነስቶ በመሃል አልፎ ታች ይደርሳል። ሪፖርት ደግሞ በዚያው መንገድ ወደ ላይ ይመለሳል።

የሚገድል ሰው ለምን ይጽፋል?

ይህን ጉዳይ መጀመሪያ ሳነብ ግራ የገባኝ ነገር ይህ ነው። ወንጀል የሚሠራ ሰው ማስረጃ ያጠፋል እንጂ ደብዳቤ ይጽፋል እንዴ? ያውም በማኅተም?

መልሱ ቀበሌው ውስጥ ነው። በሐምሌ 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ የቀበሌ ማኅበራት ተቋቋሙ። አዲስ አበባ በ25 ከፍተኛ ተከፋፈለች፤ ከእያንዳንዱ ከፍተኛ ሥር ብዙ ቀበሌዎች ነበሩ። መርካቶም እንደዚያው። ቀበሌው መጀመሪያ የቤት ኪራይ ይሰበስባል፤ መታወቂያ ይሰጣል፤ ስኳርና ዘይት በራሽን ያድላል። ብዙም ሳይቆይ ግን የራሱ የአብዮት ጠባቂዎችና የራሱ ማሰሪያ ክፍል ኖረው። ሥልጣኑ ጨመረ እንጂ የአሠራር ልማዱ አልተለወጠም። ለስኳር ስም ዝርዝር ማዘጋጀት የለመደ ጽሕፈት ቤት ለእስረኛም ስም ዝርዝር አዘጋጀ።

ሌላም ምክንያት አለ። እስቲ ራሳችሁን በእስር ቤት ጠባቂ ቦታ አድርጋችሁ አስቡ። ማታ ሰዎች መጥተው «አምስት እስረኞች አስረክብ» ይሏችኋል። ነገ ጠዋት አለቃችሁ ሲቆጥር አምስት ሰው ይጎድላል። ያኔ «አስለቅቀሃቸው ይሆናል» ብትባሉስ? ስለዚህ ወረቀት ትጠይቃላችሁ። «ስማቸውን ጻፉና ፈርሙልኝ» ትላላችሁ። የፈረመውም ሰው እንዲሁ ነው፤ ካዘዘው ሰው ፊርማ ይፈልጋል። እያንዳንዱ የጻፈው ራሱን ለማዳን ነበር። ወረቀቶቹ አንድ ላይ ሲሰበሰቡ ግን ሁሉንም አሳልፈው የሚሰጡ ሆኑ።

ከዚህ በላይ ደግሞ የጻፉት ሰዎች የሚሠሩትን እንደ ወንጀል አላዩትም። መንግሥት እነሱ ናቸው፤ ማን ይጠይቀናል ብለው ነው? ወረቀቱ ነገ ዳኛ ፊት እንደሚቀርብ የገመተ ቢኖር ጥቂት ነው። ለዚህ ነው ችሎቱ ፊት ቃለ ጉባኤዎች፣ ፊርማ ያረፈባቸው ትእዛዞች፣ የእስረኞች ስም ዝርዝሮችና ሪፖርቶች ሊቀርቡ የቻሉት።

ማቃጠል ለምን አይበቃም?

እሺ፣ ሥርዓቱ ሲወድቅ ለምን ሁሉንም አላቃጠሉትም?

የኢትዮጵያ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ አይታችሁ ከሆነ ከታች «ግልባጭ» የሚል ቃል አለ። ለእከሌ ክፍል፣ ለእከሌ ጽሕፈት ቤት ይላል። በዚያ ዘመን ፎቶ ኮፒ እንደ ልብ አልነበረም፤ ጸሐፊዋ የታይፕ መኪናው ላይ ብዙ ወረቀት በካርቦን ደርባ በአንድ ጊዜ ትመታለች። ስለዚህ አንድ ትእዛዝ ሲወጣ ጽሑፉ በአንዴ በብዙ ቢሮዎች ይቀመጣል።

ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። የአንድ ደብዳቤ አምስት ቅጂዎች በአምስት የተለያዩ ቢሮዎች አሉ እንበል። እያንዳንዱ ቅጂ ከጥፋት የመትረፍ ዕድሉ 20 በመቶ ብቻ ይሁን። ይህ በጣም ትንሽ ነው፤ ከአምስት አራቱ ይጠፋሉ እንደማለት ነው። አምስቱም የመጥፋት ዕድላቸው 0.8 በራሱ አምስት ጊዜ ተባዝቶ 0.33 ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ቢያንስ አንድ ቅጂ የመትረፍ ዕድሉ 67 በመቶ ነው! ቅጂዎቹ አሥር ቢሆኑ ወደ 89 በመቶ ይደርሳል።

ይህ ስሌት ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ቅጂዎቹ የተለያየ ቦታ መሆን አለባቸው። አምስቱም አንድ ሳጥን ውስጥ ከሆኑ አንድ ክብሪት ይበቃል። መርካቶ የሚነግድ ሰው ይህን ለመረዳት ቀመር አያስፈልገውም። በጥቅምት 2017 ሸማ ተራ በተቃጠለ ጊዜ ዕቃውና የዱቤ ደብተሩ አንድ ሱቅ ውስጥ የነበረ ነጋዴ ምን ሊገጥመው እንደሚችል አስቡት። ዕቃው ብቻ አይደለም የሚቃጠለው፤ ማን ስንት እንዳለበት የሚናገረው ወረቀትም አብሮ ይሄዳል። ደብተሩን ቤቱ ያስቀመጠ፣ ወይም ደረሰኙ ክፍለ ሀገር ባለ ደንበኛው እጅ ያለ ነጋዴ ግን ቢያንስ ሒሳቡን ይዞ ይነሳል።

ደርግም መዝገቡ አንድ ቦታ አልነበረም። ቀበሌ አለ፣ ከፍተኛ አለ፣ ፖሊስ አለ፣ ጦር ሠራዊት አለ፣ ክፍለ ሀገር አለ። በሁሉም ቦታ በአንድ ቀን ክብሪት መጫር አይቻልም።

ወረቀቱ ሐሰተኛ ቢሆንስ?

«ወረቀትማ ማንም ይሠራል» ትሉ ይሆናል። ትክክል ናችሁ። ተከሳሽም ይህን የማለት መብት አለው፤ ጥሩ ጠበቃ መጀመሪያ የሚያነሳውም ይህንኑ ነው። ስለዚህ አንድ ሰነድ ማስረጃ ከመሆኑ በፊት በጥያቄ መፈተን አለበት።

አንደኛ፣ የት ተገኘ? ማን አገኘው? ከዚያ በኋላ በማን በማን እጅ አለፈ? ከተገኘበት መደርደሪያ እስከ ዳኛው ጠረጴዛ ድረስ ያለው ቅብብል መሃል ላይ ከተቆረጠ ሰነዱ ይደክማል።

ሁለተኛ፣ ቁጥሩ ይገጥማል ወይ? መሥሪያ ቤቶች የገቢና የወጪ ደብዳቤ መዝገብ አላቸው። አንድ ደብዳቤ ቁጥር 118 ከሆነ የላኪው ወጪ መዝገብ ላይ በ117 እና በ119 መሃል መገኘት አለበት። የተቀባዩ ገቢ መዝገብ ላይም ከዚያ ቀን በኋላ መታየት አለበት። አንድ ደብዳቤ መፈብረክ ይቻል ይሆናል። የሁለት መሥሪያ ቤት መዝገብ ከፊትና ከኋላው አስተካክሎ መፈብረክ ግን ሌላ ነገር ነው።

ሦስተኛ፣ አካሉ ምን ይላል? ወረቀቱ የዘመኑ ነው? የታይፕ መኪናው ፊደል አንዱ የተሰበረ ወይም ከመስመር የወጣ ከሆነ ከዚያው ቢሮ በወጡ ሌሎች ደብዳቤዎች ላይም ያው ጉድለት መታየት አለበት። ፊርማው ሰውየው በሌላ ጊዜ፣ ለምሳሌ ለደመወዝ ወይም ለፈቃድ፣ ከፈረመው ጋር ይነጻጸራል።

አራተኛ፣ ከወረቀት ውጭ ያለ ነገር ይደግፈዋል ወይ? እዚህ ላይ ምስክሮች ይመጣሉ። አፅምም ይመጣል። ልዩ ዐቃቤ ሕጉ የጅምላ መቃብሮችን ሲያስቆፍር የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድን ባለሙያዎች መጥተው አግዘዋል። እነሱም በአገራቸው በወታደራዊ መንግሥት ዘመን የጠፉ ሰዎችን አፅም በመለየት የተካኑ ናቸው። ኮተቤ በተቆፈረ መቃብር ከአፅሞቹ ጋር የናይለን ገመድ ተገኝቷል። አስቡት፤ ወረቀቱ «እነ እከሌ ተወስደዋል» ይላል፤ መሬቱ ደግሞ ገመዱን ያሳያል። ወረቀቱን የጻፈውና አፅሙን ያወጣው ሰው አይተዋወቁም። ሁለት የማይተዋወቁ ምስክሮች አንድ ነገር ከተናገሩ በአጋጣሚ ነው ማለት ይከብዳል።

የገባ ሁሉ መውጣት አለበት

አሁን ወደ አጎቴ ሱቅ ልመልሳችሁ። ሰኔ ሲያልቅ ቆጠራ ነበር። ደንቡ አንድ ነው፤ የገባ ዕቃ ወይ መደርደሪያ ላይ አለ፣ ወይ ተሽጧል። ከሁለቱም ከሌለ የሆነ ሰው መልስ መስጠት አለበት። ኢንጂነሮችም ይህንኑ ነው የምንለው፤ የገባው ሲቀነስ የወጣው ከቀረው ጋር እኩል ነው። ውኃ ቢሆን፣ ኤሌክትሪክ ቢሆን፣ ምስማር ቢሆን ለውጥ የለውም።

የእስር ቤት መዝገብም እንደዚሁ ይነበባል። ስም፣ የገባበት ቀን፣ የወጣበት ቀን፣ የወጣበት ምክንያት። ከገቡት ላይ የወጡትን ቀንሳችሁ በዕለቱ ቆጠራ ካሉት ጋር ስታስተያዩ ልዩነት ከመጣ በዚያ ልዩነት ውስጥ ሰዎች አሉ። መዝገቡ «ገደልን» ብሎ ባይጽፍ እንኳ ሒሳቡ አይዘጋም።

አጎቴ ታላቅ ወንድም ነበረው። በ1970 ከሰፈር ተወሰደና አልተመለሰም። አያቴ ለብዙ ሳምንት ምሳ ቋጥራ ትሄድ ነበር። አንድ ቀን ጠባቂው ሳህኑን መልሶ «ከዚህ በኋላ አታምጪ» አላት። በቃ፣ የተነገራት ይኸው ነው። ምሳ መቀበል ማቆማቸው የብዙ ቤተሰብ መርዶ ነበር። አጎቴ ግን እስካሁን የሚለው ነገር አለ፤ «ገቢ የተደረገበትን አውቃለሁ። ወጪ የተደረገበትን ያሳዩኝ።» ልጅ ሳለሁ የነጋዴ ቀልድ ይመስለኝ ነበር። አሁን ስለ መዝገብ የሰማሁት ትክክለኛው ጥያቄ እሱ እንደሆነ አውቃለሁ።

መዝገቡ ስለ ማን ነው የሚናገረው?

እዚህ ጋ በጣም መጠንቀቅ ያለብን ነገር አለ። ሰነዱ እውነተኛ ነው ማለት ውስጡ የተጻፈው እውነት ነው ማለት አይደለም።

የምርመራ ፋይል አስቡ። «ተጠርጣሪው የጠላት አባል መሆኑን በፈቃዱ አምኗል» ይላል። ወረቀቱ እውነተኛ ነው፤ ማኅተሙ እውነተኛ ነው። ግን ሰውየው እግሩ ሥር እየተገረፈ ያለው ነገር ነው። እንዲህ ያለ ፋይል ስለ ታሳሪው ብዙም አይነግረንም። ስለ ጻፈው ሰው ግን ይነግረናል፤ በዚያ ቀን፣ በዚያ ክፍል፣ እከሌ የሚባል ሰው በእጁ እንደነበረ ራሱ መስክሯል።

ቃላቱም እንዲሁ ናቸው። በዚያ ዘመን ሰነድ ላይ «ተገደለ» የሚለውን ብዙም አታገኙም። «አብዮታዊ እርምጃ ተወሰደበት» ይላል። አንድ ሰነድ ብቻ ብታዩ «እርምጃ ማለት እስር ሊሆን ይችላል» ብላችሁ ልትከራከሩ ትችላላችሁ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰነዶችን አሰልፋችሁ፣ ያ ቃል ከስማቸው ጎን የተጻፈባቸው ሰዎች ከዚያ በኋላ በየትም መዝገብ ላይ በሕይወት አለመታየታቸውን ስታዩ ግን ትርጉሙ በራሱ ይወጣል። መዝገበ ቃላት አያስፈልግም።

ብዙ ወረቀት ሲሆን ቁጥር ይናገራል

ከኛ ብዙም ሳይርቅ፣ ቻድ ውስጥ፣ ይህ ዘዴ የት ድረስ እንደሚሄድ ታይቷል። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ኢሴን ሃብሬ ሥልጣን ከለቀቀ ከዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2001፣ የፖለቲካ ፖሊሱ ሰነዶች ዋና ከተማዋ ንጃሜና ውስጥ ተጥለው ተገኙ። የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ኮምፒውተር ላይ አስገቧቸው። የ12,321 ተጠቂዎች ስም ወጣ፤ ከነዚህ 1,208ቱ በእስር ላይ የሞቱ ናቸው።

እንዲህ ያለ መዝገብ በእጃችሁ ከገባ የሞት መጠን ማስላት ትችላላችሁ። ምሳሌ ልስጣችሁ፤ ቁጥሩ የኔ ፈጠራ ነው። 100 እስረኞች ለ30 ቀን ቢታሰሩ 3,000 የእስር ቀን ይሆናል። በዚያ ጊዜ ሦስት ሰው ቢሞት በየ1,000 የእስር ቀን አንድ ሞት ነው። ይህ ትንሽ ይመስላል። በዓመት ስታሰሉት ግን ሁልጊዜ 100 ሰው በሚታሰርበት ቤት በዓመት 36 ሰው ይሞታል ማለት ነው! አሁን ይህን ከእስር ውጭ ካለ ተመሳሳይ ዕድሜ ሰው የሞት መጠን ጋር አስተያዩ። «በበሽታ ነው የሞቱት» የሚለው ማመካኛ ከዚያ በኋላ ያስኬዳል?

ሌላው ጥያቄ «አለቃው ያውቅ ነበር ወይ?» የሚለው ነው። ባለሙያዎቹ ወረቀቶቹን በላኪና በተቀባይ ለዩ። ስለ 898 እስረኞች 1,265 መልእክቶች በቀጥታ ለሃብሬ ተልከዋል። አንድ ደብዳቤ ሳይነበብ ሊያልፍ ይችላል። 1,265 ሲሆንስ? ዳካር የተቀመጠው የአፍሪካ ልዩ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2016 ዕድሜ ልክ ፈረደበት።

ፍርዱና ያልተዘጋው ክርክር

የኛው ችሎት 12 ዓመት ፈጀ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የጥፋተኝነት ውሳኔ ሰጠ። በዚያን ቀን ከነበሩት 73 ተከሳሾች ችሎት የቀረቡት 34 ነበሩ፤ 14ቱ በሂደቱ ሞተዋል፤ መንግሥቱን ጨምሮ 25ቱ በሌሉበት ነው የተፈረደባቸው። በጥር 1999 መንግሥቱ ዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው፤ በይግባኝ ግንቦት 2000 ላይ ቅጣቱ ወደ ሞት ከፍ አለ። አገር ውስጥ የነበሩት ባለሥልጣናት የሞት ቅጣት በ2003 ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠላቸው፤ ብዙዎቹም በ2004 መጀመሪያ ከእስር ወጡ።

ወረቀቱ ሁሉንም ጥያቄ አልመለሰም። ወረቀት ምን እንደተደረገ ይናገራል፤ የተደረገው በሕግ ምን ይባላል የሚለውን ግን ዳኞች ናቸው የሚወስኑት። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 281 የዘር ማጥፋትን ሲተረጉም ከዓለም አቀፉ ስምምነት በተለየ የፖለቲካ ቡድንንም ይጨምራል። አብላጫዎቹ ዳኞች በዚህ አንቀጽ ጥፋተኛ አሏቸው። አንዱ ዳኛ ግን ተለየ። የፖለቲካ ቡድንን የሚመለከተው ጥበቃ በኋላ በወጣ ሕግ ቀርቷል፤ ስለዚህ መባል ያለበት ከባድ የሰው ግድያ ነው አለ። ሁሉም የተመለከቱት ማስረጃ አንድ ነው። የተለያዩት በስሙ ነው።

ወረቀቱም በዚያ አልቆመም። እሸቱ ዓለሙ የተባለ የደርግ ባለሥልጣን ኔዘርላንድስ ገብቶ ዜግነት አግኝቶ ይኖር ነበር። በ1970 መጨረሻ ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ በቤተ ክርስቲያን፣ 75 እስረኞች በተገደሉበት ወንጀልና በሌሎችም ተከሰሰ። ፊርማው ያለባቸው ሰነዶች ከማስረጃዎቹ መሃል ነበሩ። በታኅሣሥ 2010 የሄግ ፍርድ ቤት ዕድሜ ልክ ፈረደበት፤ በ2014 ይግባኝ ሰሚውም አጸናው። ጎጃም ውስጥ የተጻፈ ስም ዝርዝር፣ አርባ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ አውሮፓ ውስጥ ተነበበ።

ታዲያ እኛ ምን እናድርግ?

ከኅዳር 14ቱ ግድያ ጋር ስሙ የሚነሳው የአዲስ አበባ ማዕከላዊ እስር ቤት፣ «ዓለም በቃኝ»፣ ዛሬ የለም። ፈርሶ በቦታው በ2004 የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት አዳራሽ ቆሟል። ግድግዳው ሄዷል። ማን እንደገባና ማን እንዳልወጣ የሚናገረው ወረቀት ነው። ወረቀት ደግሞ ይበላሻል፤ እርጥበትና አይጥ ያጠፉታል፤ አሲድ ያለበት ርካሽ ወረቀት በራሱ ጊዜ ይቢጫል፣ ይሰባበራል። የካርቦን ቅጂ ጽሑፍ በጊዜ ይደበዝዛል። መድኃኒቱ ያው የድሮው ነው፤ ቅጂ ማብዛትና የተለያየ ቦታ ማስቀመጥ። ስካን ማድረግ ማለት ዘመናዊ ካርቦን ነው። ነገር ግን ስካኑም አንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ካለ ከሸማ ተራው ደብተር አይሻልም።

ሁሉንም ለሁሉም መልቀቅስ? እዚህ ጋ እኔም እፈራለሁ። የምርመራ ፋይል ውስጥ በግርፋት ብዛት የጓደኛውን ስም የሰጠ ልጅ አለ። ያ ልጅ ዛሬ አያት ሊሆን ይችላል። ስሙን ያለ ማብራሪያ ብትለጥፉት ገራፊው ያቆመበትን እናንተ ትቀጥላላችሁ። ስለዚህ የባለሥልጣኑን ፊርማ ማውጣትና የተገረፈውን ሰው ቃል ማውጣት በአንድ ሚዛን አይለካም።

የልዩ ዐቃቤ ሕጉ ሁለተኛ ሥራ ምን ነበር ብያችሁ ነበር? ለመጪው ትውልድ መመዝገብ። በ2002 ጽሕፈት ቤቱ የወንጀሎቹንና የውሳኔዎቹን ዘገባ «ደም ያዘለ ዶሴ» በሚል ርዕስ አሳትሞ አወጣ። በዚያው ዓመት መስቀል አደባባይ አጠገብ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ተከፈተ፤ ሄዳችሁ ማየት ትችላላችሁ። ፍርድ ቤት ውስጥ የነበረው በመጽሐፍ ሲወጣ ቅጂው ከቢሮ ወጥቶ በየሰው ቤት ገባ ማለት ነው። ከአሁን በኋላ በአንድ ክብሪት አይጠፋም።

በየዕለቱ የምትጠቀሙበት ነገር ደግሞ ይኸውላችሁ። ነገ ቴሌግራም ላይ ማኅተም ያለበት «ምስጢራዊ ደብዳቤ» ይመጣላችኋል። ከማጋራታችሁ በፊት ጠይቁ። የት ተገኘ? ቁጥሩና ቀኑ ይገጥማል? ሌላ የማይተዋወቅ ምስክር አለው? ብቻውን የቆመ ወረቀት፣ ማኅተሙ ምንም ያህል ቢያምር፣ ገና ማስረጃ አይደለም።

አጎቴ ሱቁን ከዘጋ ቆይቷል። የደረሰኝ ጥራዞቹን ግን አልጣለም፤ አልጋ ሥር በካርቶን ናቸው። ባለፈው ይህን ጽሑፍ ሳነብለት ዝም ብሎ ሰማና «ሙዚየሙ ጋ ስሙን ፈልገኸዋል?» ያለኝ ስለ ወንድሙ ነበር። አብረን ልንሄድ ተቀጣጥረናል።